ሌባን መመርመርና በምርመራ መነገድ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን አስተያየቴን ከአንባቢያን ደብዳቤዎች መካከል አንድ ስፍራ ሰጥታችሁ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጽሑፉ ረዘም ያለ ስለ ሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን አሳጥሬ ብጽፈው ግማሹ እውነት ይቀራል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሐሰት ይልቅ ሰውን ያሳስታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍሁ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ስቴት በድሆች ሕክምና ገንዘብ ላይ ተፈጸመ ስለሚባለው ማጭበርበር የሰማውን ያወራ ጀመር። ሌላው አቋረጠውና «ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው፤ ገዥውን ለመጣልና ስደተኛውን ለማባረር የተነዛ ወሬ ነው» አለ። ፊተኛውም «ሌባ ተይዟል፤ ሌባ ከተያዘ ወዲያ ያዡን ለምን ያዝህ ብሎ መጠየቅ ሌባውን መደገፍ ነው» ሲል መለሰለት። ደወል ተደውሎ ወደየክፍላችን ስንገባ ሁለቱ ተኰራርፈው ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት ዝም አልሁ። ዝም ያልሁበትም ምክንያት በኪሴ አንድ ደብዳቤ ስለ ነበረ ነው። የጻፈልኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርሁት ልጅ ሲሆን፣ አሁን በዚያው በሚኒሶታ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ረዳት ሆኖ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል። እንዲህ ይላል፤ «መምህር፣ እኔ የሠራሁበትን ሰዓት ብቻ ነው የምጽፈው። ነገር ግን ያ ወሬ ከተነሣ ወዲህ የሚያየኝ ሁሉ ሰዓቴን አብሮኝ ይቈጥራል። የማገለግላቸው የአንዲት አሮጊት ልጅ ከየት አገር እንደ መጣሁ ከጠየቀችኝ በኋላ የፈረምሁበትን ወረቀት በስልኳ ፎቶግራፍ አነሣችው። አልተቈጣሁም፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሰረቁ መኖራቸውን አውቃለሁ። ታዲያ እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?»

ለዚህ ጥያቄ በሁለት መስመር መልስ ለመስጠት አልቻልሁም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ጥቂት ሌሊቶች አነበብሁ። ያገኘሁትንም ለእርሱ ብቻ ሳይሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱ የመንግሥትን ገንዘብ የሚከፍሉ፣ የሚቈጥሩና የሚመረምሩ አንባቢዎች ስለ አሉ ለእነርሱም ለማቅረብ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ስርቆቱ መኖሩን መካድ አይገባም። አሜሪካኖች ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያንና ሜዲኬድ የተባለውን የድሆች የሕክምና ዋስትና ያቋቋሙት በ1965 ሲሆን፣ ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ሐኪሙ ወይም ድርጅቱ ይህን ይህን አድርጌአለሁ ብሎ የሒሳብ መጠየቂያ ይልካል፤ መንግሥትም በአብዛኛው አስቀድሞ ይከፍልና በኋላ ይመረምራል። ለእያንዳንዱ መጠየቂያ አንድ መርማሪ ልመድብ ቢል ሕክምናው ይቆማልና። እንግዲህ በእምነት ላይ የቆመ ሥርዓት ስለ ሆነ ለሌባ በር ይከፍታል። ያልታከመን ሰው ታክሟል ብሎ ማስከፈል፣ ቀላሉን ሕክምና ከባድ ነው ብሎ መጻፍ፣ ሕመምተኛ ላመጣ ደላላ በስውር ገንዘብ መክፈል፣ የማያስፈልግ ምርመራ ማዘዝ፤ እነዚህ ሁሉ በፍርድ ቤት በተደጋጋሚ የተረጋገጡ ወንጀሎች ናቸው።

መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ በ1863፣ ለጦር ሠራዊቱ የማይረባ ዕቃ እያቀረቡ መንግሥትን የሚያታልሉ ነጋዴዎች ስለ በዙ፣ ሐሰተኛ ሒሳብ ያቀረበውን የሚቀጣና ለጠቋሚው ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ይህ ሕግ በ1986 ተሻሽሎ አጭበርባሪው የጉዳቱን ሦስት እጥፍ እንዲከፍል አድርጎአል። በ1976 በጤናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ዋና ኢንስፔክተር ተሾመ። በ1977 ደግሞ የየስቴቱን የሜዲኬድ ማጭበርበር የሚከታተሉ ልዩ የምርመራ ክፍሎች እንዲቋቋሙ በሕግ ተደገፈ። ስለዚህ «ሁሉም ፖለቲካ ነው» ያለው ባልደረባዬ በዚህ በኩል ተሳስቷል። እኛስ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ሆነን የመንግሥት ገንዘብ አይሰረቅም ብለን በምን አፋችን እንናገራለን?

ነገር ግን ፖለቲካ በዚህ ምርመራ ውስጥ የሚገባበት በር ሰፊ ነው። ምክንያቱም ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መርማሪውና ከሳሹ ራሱ የፖለቲካ ሰው ነው። በ50ዎቹ ስቴቶች ውስጥ በ43ቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሲሆን፣ የፌዴራሉን ዐቃብያነ ሕግ የሚሾሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሜዲኬድ ገንዘብ የሁለት ባለቤቶች ነው። ቢያንስ ግማሹን የፌዴራሉ መንግሥት ይከፍላል፤ የቀረውን ስቴቱ ይከፍላል፤ ሥራውን የሚያካሂደው ግን ስቴቱ ነው። ዋሽንግተን ላይ አንዱ ፓርቲ፣ በስቴቱ ላይ ሌላው ፓርቲ በሚገዛበት ጊዜ የጠፋው ገንዘብ ሁሉ ለአንዱ የክስ መሣሪያ፣ ለሌላው ነውር ይሆናል። ሦስተኛ፣ ለድሆች የሚወጣውን ገንዘብ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው «ድሆችን አላክምም» ብሎ ከመናገር ይልቅ «ሌቦችን እከላከላለሁ» ብሎ መናገር ይቀለዋል።

በወንጌል የምናነበው የአስቈሮቱ ይሁዳ ነገር እዚህ ላይ ይታወሰኛል። ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ በፈሰሰ ጊዜ፣ ይህ ተሸጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ብሎ የጠየቀ እርሱ ነበር። ጥያቄው ራሱን ችሎ ሲታይ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የማንኛውም ጥሩ ሒሳብ ሹም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጠያቂው የገንዘቡን ከረጢት የያዘና ከውስጡ የሚሰርቅ መሆኑን ወንጌላዊው ይነግረናል። እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። አንዱ «ገንዘቡ ባክኖአልን?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የሚጠይቀው ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህንን በምሳሌ ለማየት ጥቂት ታሪኮችን ልጥቀስ።

በ1976 የዩታ ስቴት ሴናተር የነበሩት ፍራንክ ሞስ፣ በኒውዮርክ ከተማ በድሃ ሰፈሮች የተከፈቱ ክሊኒኮች በሜዲኬድ ገንዘብ ይነግዳሉ የሚል ወሬ ስለ ሰሙ፣ ራሳቸው እንደ ድሃ ሕመምተኛ ለብሰው የሜዲኬድ ካርድ ይዘው ወደ ክሊኒኮቹ ገቡ። ያለ በሽታቸው ምርመራ ሲታዘዝላቸው በዓይናቸው አዩ። ይህንንም ለምክር ቤቱ አስረዱ፤ ከላይ የጠቀስሁት የ1977 ሕግ እንዲወጣም የሳቸውና የባልደረቦቻቸው ምርመራ ብዙ ረዳ። ሴናተሩ በዚያው ዓመት ለምርጫ ይወዳደሩ ስለ ነበር፣ ስም ለማግኘት አደረጉት የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ ማስረጃው እውነተኛ ነበር፤ ሕጉም ጠቃሚ ሆነ፤ ምርጫውን ግን ተሸነፉ። ከዚህ የምንማረው ፖለቲከኛ የመረመረው ሁሉ የተበላሸ አለመሆኑን ነው።

በ1997 ደግሞ የፌዴራል መርማሪዎች ኮሎምቢያ ኤች ሲ ኤ የተባለውን፣ በአገሩ ከነበሩት የግል የሆስፒታል ኩባንያዎች ሁሉ ትልቁን ፈተሹ። ነገሩ የተነሣው ከተቃዋሚ ፓርቲ ሳይሆን፣ በከፊል የሆስፒታሎቹን ሒሳብ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት መዝገብ መኖሩን አይተው ባቀረቡት አቤቱታ ነው። የኩባንያው አለቃ ሪክ ስኮት በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ፤ እርሳቸው ግን በወንጀል አልተከሰሱም። ኩባንያው በ2000 በ14 ወንጀሎች ጥፋተኛ መሆኑን አመነ፤ በጠቅላላውም ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ታዲያ አለቃው በ2010 የፍሎሪዳ ገዥ፣ በ2018 ደግሞ ሴናተር ሆነው ተመረጡ። እንግዲህ ምርመራው ከመዝገብ ተነሥቶ እውነትን አወጣ፤ የፖለቲካው ፍርድ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ምርመራና ምርጫ አንድ ሚዛን የላቸውም።

ሦስተኛው የኒውጀርዚው ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ ነገር ነው። ሴናተሩ በ2015፣ ሜዲኬርን ያጭበረብራል ተብሎ ከተከሰሰ አንድ የፍሎሪዳ የዓይን ሐኪም ወዳጃቸው ስጦታ ተቀብለው ስለ እርሱ ሹማምንትን አነጋግረዋል ተብለው ተከሰሱ። ወገኖቻቸው በኩባና በኢራን ጉዳይ ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር ስለ ተቃረኑ ነው ይሉ ነበር። በ2017 ሐኪሙ በ67 ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 17 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የሴናተሩን ነገር የሰሙት የሕዝብ ዳኞች ግን ስላልተስማሙ ክሱ ቀረ። ከዚያም በጥር 2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሥልጣን ሊወርዱ ሲሉ የሐኪሙን እስራት አሳጠሩለት። ሴናተሩም በ2024 በሌላ የጉቦ ክስ ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። «ፖለቲካ ነው» ብሎ የሚጮኽ ተከሳሽ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ እንደዚሁም ፖለቲካ የሚገባው በክሱ በር ብቻ ሳይሆን በምሕረቱም በር ነው። ሌባን በዐዋጅ አስይዞ በጓዳ የሚፈታ ሰው ስለ ሌብነት ሲናገር ጆሮን ማቅናት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌ ልምጣ፤ እርሱም የኒውሜክሲኮ ነው። በሰኔ 2013 የገዥይቱ የሱዛና ማርቲኔዝ አስተዳደር፣ ለአእምሮ ሕሙማንና ከመጠጥና ከዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ለሚታገሉ ድሆች አገልግሎት ይሰጡ በነበሩ 15 ድርጅቶች ላይ የማጭበርበር ጥርጣሬ አለ ብሎ ክፍያቸውን በሙሉ አገደ። መሠረቱ ከቦስተን የመጣ አንድ ኩባንያ ያደረገው የሒሳብ ምርመራ ሲሆን፣ ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር ያለ አግባብ ተከፍሏል ይል ነበር። በ2011 የወጣ የፌዴራል ደንብ፣ ተአማኒ የማጭበርበር ክስ በተነሣ ጊዜ ክፍያ እንዲታገድ ያዝዛል፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ሕመምተኞች አገልግሎት የሚያጡ ከሆነ፣ እገዳውን መተው ይቻላል። አስተዳደሩ ይህንን መንገድ ለአብዛኞቹ አልመረጠም። ድርጅቶቹም የተከሰሱበትን ዝርዝር ማስረጃ አይተው መልስ እንዲሰጡ አልተፈቀደላቸውም፤ ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ነው ተባለ።

ወዲያውኑም ከጎረቤት ስቴት ከአሪዞና አምስት ድርጅቶች መጥተው ቦታውን እንዲይዙ ተደረገ። አምስት ድርጅቶች በአንድ ጀምበር አይዘጋጁምና፣ ክሱ ከመታወጁ በፊት ንግግር ተጀምሮ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋሪ ኪንግ ደግሞ የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ሲሆኑ፣ በ2014 ከዚችው ገዥ ጋር ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ። እንግዲህ ከሳሽም መርማሪም ለምርጫ የሚሮጡ ነበሩ፤ የሕመምተኛው ነገር ግን የምርጫውን ቀን የሚጠብቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ። ምርመራው ወደ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ2016 አዲሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄክተር ባልዴራስ ከ15ቱ ድርጅቶች በአንዱም ላይ ማጭበርበር እንዳላገኙ አስታወቁ። የሒሳብ ስሕተት ነበረ፤ ሆኖም መጀመሪያ ከተለፈፈው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ነገር ግን ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ከድርጅቶቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ከአሪዞና የመጡትም አብዛኞቹ ኪሳራ ነው እያሉ ተመልሰው ሄደዋል። በ2019 ሥልጣን የያዘው አዲስ አስተዳደር ካሣ ከጠየቁት ጋር በገንዘብ ታረቀ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ዓመታት አብሮት የቆየውን፣ ስሙንና ታሪኩን የሚያውቀውን አማካሪውን በድንገት ሲያጣ፣ ያንን በምን ካሣ ይመልሱለታል? «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ምቱ ያረፈው መናገር በማይችለው ላይ ነው።

ገዥይቱ በእርግጥ ምን አስበው እንዳደረጉ የልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የሳቸው ሹማምንት ሕጉ አስገድዶን ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን ሐሳባቸውን ሳናውቅ አሠራራቸውን መመዘን እንችላለን። በዚህ ላይ እኔ መምህር ስለ ሆንሁ አንድ ከክፍል የተወሰደ ምሳሌ ልስጥ። ተማሪዎቼን ስፈትን ሲኰራረጁ እይዛለሁ። የማልወደው ልጅ የተቀመጠበትን መደዳ ብቻ ብጠብቅ፣ ከዚያ መደዳ እውነተኛ ኰራጅ መያዜ አይቀርም፤ ኰራጅ የሌለበት መደዳ የለምና። ወረቀቱን በእጁ ስላገኘሁ ልጁ ጥፋተኛ ነው፤ እኔ ግን ፍትሐዊ መምህር አይደለሁም። የሌላው መደዳ ኰራጆች አንደኛ ሲወጡ፣ በዚያ መደዳ የተቀመጠው ንጹሕ ልጅ ደግሞ የኰራጆች መደዳ ልጅ ተብሎ ይቀራል። የእኔ ተማሪ በሚኒሶታ የደረሰበት ይኸው ነው።

በሚኒሶታ የሆነው እንደሚከተለው ነው። መኖሪያ ቤት ለሌላቸው አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ቤት ለማፈላለግ ተብሎ በሜዲኬድ ገንዘብ የተቋቋመ አንድ አገልግሎት፣ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይፈጃል ተብሎ ታስቦ ሳለ በ2024 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ስቴቱ ራሱ በ2025 አገልግሎቱን ዘጋው፤ በመስከረም 2025 የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ 8 ሰዎችን በዚህ ጉዳይ ከሰሰ። በኦቲዝም ሕፃናት ሕክምና ገንዘብ ላይም ክስ ተመሠረተ። ቀደም ሲል፣ በ2022፣ ለሕፃናት ምግብ የተመደበ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰርቋል ተብሎ ብዙ ሰዎች ተከሰው፣ ብዙዎቹ ጥፋተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ስርቆቱ ወሬ አይደለም። የስቴቱም አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ምልክቱን ዘግይቶ ማየቱ የማይካድ ነው፤ ቸልተኛ ዘበኛ የሌባ ወዳጅ ባይሆንም ለሌባ ይጠቅመዋል።

ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ የሶማሌ ትውልድ ያላቸው ናቸው፤ በምግቡ ክስ ዋና መሪ ተብላ በመጋቢት 2025 ጥፋተኛ የተባለችው ግን ነጭ አሜሪካዊት ናት። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኅዳር 2025 ይህንኑ ማጭበርበር ጠቅሰው በሚኒሶታ ለሚኖሩ ሶማሌዎች የተሰጠውን ጊዜያዊ የመኖሪያ ጥበቃ እንደሚያነሡ አስታወቁ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሶማሌዎችን በጅምላ ከቈሻሻ ጋር የሚያመሳስል ቃል ተናገሩ። የስቴቱ ገዥ ቲም ዋልዝ በ2024 ምርጫ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በተቃራኒው ወገን የቀረቡ ሰው መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል። በታኅሣሥ 2025 የማጭበርበሩን ምርመራ የሚመራው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ከ2018 ጀምሮ በ14 ዓይነት አገልግሎቶች ከተከፈለው 18 ቢሊዮን ዶላር ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ማጭበርበር ሊሆን ይችላል አለ፤ የስቴቱ ሹማምንት ማስረጃውን አሳየን ብለው መለሱ። በጥር 2026 ገዥው ለሦስተኛ ጊዜ ለመመረጥ የነበራቸውን ሐሳብ ተዉ። በዚያው ወር ይኸው ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ የኢሚግሬሽን ፖሊስ አንዲት ሴት ተኵሶ ከገደለ በኋላ ምርመራው በተያዘበት መንገድ የተነሣ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ለቀቀ። መዝገቡን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ሰው በፖለቲካ ግፊት የተነሣ ወንበሩን ከለቀቀ፣ ሌባን የመያዙ ሥራ ተጠቀመ ወይስ ተጐዳ?

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በጥር 2025 ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በያዙ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ወደ 17 የሚሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ዋና ኢንስፔክተሮች በአንድ ሌሊት አሰናበቱ፤ ሜዲኬርንና ሜዲኬድን የሚመረምሩት የጤናው መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተርም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በመስከረም 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ስንብቱ ሕግን የጣሰ ነው ቢሉም፣ ወደ ሥራቸው አልመለሷቸውም። በሐምሌ 2025 ደግሞ ብክነትንና ማጭበርበርን እንከላከላለን በሚል ቃል የሜዲኬድን ወጪ በብዙ መቶ ቢሊዮን ዶላር የሚቀንስ ሕግ ወጣ፤ የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በዚህ ሕግ ምክንያት እስከ 2034 ድረስ 10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሕክምና ዋስትናቸውን ያጣሉ ብሎ ገመተ። ሌባን እይዛለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ዘበኞቹን ካሰናበተ፣ ከዚያም የጐተራውን እህል ከቀነሰ፣ ዓላማው ሌባው ነው ወይስ እህሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን መጠየቅም ሌባን መደገፍ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ምርመራ ለእውነት የሚደረግ ወይም ለፖለቲካ ንግድ የሚደረግ መሆኑን በምን እንለያለን? ከላይ ከተነገሩት ታሪኮች አምስት መለያዎች አውጥቻለሁ።

1ኛ፤ ምርመራው ከመዝገብ ተነሥቶ ወደ ሰው ይሄዳል ወይስ ከሰው ተነሥቶ መዝገብ ይፈልግለታል? 2ኛ፤ ተከሳሹ ቅጣቱ ሳይደርስበት በፊት ማስረጃውን አይቶ መልስ ለመስጠት ይችላል ወይስ መጀመሪያ ተቀጥቶ በኋላ ይጠየቃል? 3ኛ፤ ሕጉ በወዳጅም በጠላትም ላይ እኩል ይሠራል ወይስ ጠላት ሲታሰር ወዳጅ ምሕረት ያገኛል? 4ኛ፤ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ሕመምተኛው የሚታከምበት ዝግጅት አለ ወይ? የተከሳሹንስ ቦታ የሚወርሰው ማን ነው? 5ኛ፤ በጋዜጣና በሬዲዮ የተለፈፈው የገንዘብ ቍጥር በኋላ ትንሽ ሆኖ ሲገኝ፣ እርማቱ በዚያው ድምፅ ይነገራል ወይስ በሹክሹክታ?

በእነዚህ ሲመዘን የኮሎምቢያ ኤች ሲ ኤ ምርመራ በአብዛኛው ያልፋል፤ የኒውሜክሲኮው ይወድቃል። የሚኒሶታው ደግሞ ሁለት ሆኖ ይከፈላል። በፍርድ ቤት በማስረጃ የሚከራከረው ክፍል በአንድ በኩል ሲቆም፣ በአደባባይ ሕዝብን በጅምላ የሚሰድበው ክፍል በሌላ በኩል ይቆማል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ወይ ሌባውን ከንጹሑ ጋር ያድናል፣ ወይ ንጹሑን ከሌባው ጋር ይኰንናል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ የሚተወው አንባቢ እንዳይኖር እሰጋለሁ። በአገራችን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓመተ ምሕረት ወጥቶ፣ ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ መዋጮ እንዲቀነስ የተወሰነ ሲሆን፣ አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ ቈይቷል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑ ግን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ሲከፍል፣ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ደግሞ ላከሙት ሰው ሒሳብ ይጠይቃሉ። እንግዲህ የሒሳብ መጠየቂያ ባለበት ስፍራ ሁሉ ሐሰተኛ መጠየቂያ ሊኖር ይችላል፤ ሐሰተኛ መጠየቂያ ባለበትም መርማሪ ያስፈልጋል። ያ መርማሪ ለማን መልስ እንደሚሰጥ፣ ሥራውንም ያለ ፍርሃት ይሠራ ዘንድ ምን ዋስትና እንዳለው፣ ጤና ጣቢያው በምርመራ ላይ ሳለ ምጥ የያዛት ሴት ወዴት እንደምትሄድ፣ ይህ ሁሉ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት በደንብ መጻፍ ይገባዋል። ነገሩ ከፈላ ወዲያ እያንዳንዱ ሰው ሕጉን የሚያነበው በወገኑ መነጽር ነውና።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የሒሳብ ሹሞችና መርማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ነገር የእናንተ ድርሻ ከፖለቲከኛው ይበልጣል። በኮሎምቢያ ኤች ሲ ኤ እውነቱን ያወጡት መዝገቡን በእጃቸው ይዘው የነበሩ የሒሳብ ሠራተኞች መሆናቸውን አስታውሱ። በኒውሜክሲኮ ደግሞ ያልተጣራ ቍጥር ከመርማሪ እጅ ወጥቶ ወደ ፖለቲከኛ አፍ ስለ ገባ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ አስታውሱ። የምትጽፉት አንድ ቍጥር በመጨረሻ የሚያርፈው በሰው ራስ ላይ ነው።

ለተማሪዬም መልሴ ይህ ነው፤ ልጄ ሆይ፣ አንተ የሠራህበትን ሰዓት ከሚጽፉት ወገን ነህ፤ ሌላ ወገን አያስፈልግህም። ወረቀትህን ፎቶግራፍ ልታነሣ የፈለገች ሁሉ ታንሣ፤ ቅጂውንም አንተ ዘንድ አስቀምጥ። የሰረቀውን፣ ያገርህም ሰው ቢሆን፣ አትሸፍንለት፤ የእርሱ ኀጢአት በአንተ ላይ እንዲቈጠር የሚያደርገው የአንተ መሸፈን ነውና። ነገር ግን ከመጣህበት አገር የተነሣ ሌባ ብሎ የሚጠራህን ሰው እውነት አለው ብለህ ራስህን ዝቅ አታድርግ። አሮጊቷን ነገም በሰዓትህ ሄደህ አጥባቸው።

ሁለቱ ባልደረቦቼ ይህን ደብዳቤ ቢያነቡ፣ አንዱ ስርቆቱን፣ ሌላው ንግዱን አምኖ እንዲቀበል፣ ሻዩንም እንደ ቀድሞው አብረን እንድንጠጣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ